ኩሬተርነት፦ ባሕር ዳር ላይ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ባጃጅ ውስጥ፣ ሠርግ ቤት፣ ባንክ ወረፋ ላይ፤ «ሥራሽ ምንድነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። «ኩሬተር ነኝ» ስል ሰውየው ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ጥያቄው ይከተላል። ዩኒቨርሲቲ ሊጨርሱ ያሉ ልጆች የሚጠይቁኝም ብዙው ያው ስለሆነ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ቅደም ተከተል አትፈልጉበት።

ኩሬተር ማለት አስጎብኚ ነው?

አይደለም። አስጎብኚ የራሱ ሙያ አለው። እኔ የማልችለውን ይችላል፤ ለምሳሌ ሠላሳ ተማሪ ጸጥ ማሰኘት። የኩሬተር ሥራ ዕቃው ጎብኚው ፊት ከመድረሱ በፊት ያለው ነው። የትኛው ሥዕል ይሰብሰብ፣ ከማን እጅ መጣ፣ እንዴት ይቀመጥ፣ ከየትኛው አጠገብ ይሰቀል፣ ሥሩ ምን ተብሎ ይጻፍ። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ መነሻው መንከባከብ ነው።

እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ሙዚየም ጠባቂ ናት» ትላለች። አንዷ ጎረቤታችን ዘበኛ መስያት «የሌሊት ተረኛ ናት እንዴ? ለሴት ልጅ ይከብዳል» ብላ አዝናልኛለች። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ኋላ ሳስበው እናቴ ብዙም አልተሳሳተችም። ደብር ያደገ ሰው ሲጠይቀኝ ደግሞ ነገሩ ይቀለኛል፤ «ቄሰ ገበዝን ታውቃለህ አይደል?» እለዋለሁ። ንዋየ ቅድሳቱን ቆጥሮ የሚረከብ፣ የቱ መጽሐፍ የት እንዳለ፣ የቱ መስቀል ለየትኛው በዓል እንደሚወጣ የሚያውቅ፣ አንድ ነገር ሲጎድል መጀመሪያ የሚጠየቅ ሰው። ኩሬተር ከዚህ ሌላ መጻፍ አለበት፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ቀኑን ሙሉ ምን ትሠሪያለሽ?

ሥዕል ፊት ቆሜ ስፈላሰፍ የምውል የሚመስላቸው አሉ። ቢሆንማ!

አንድ ሥዕል በውሰት መጣ እንበል። ጠረጴዛ ላይ አስተኛዋለሁ። የእጅ ባትሪ ከጎን ዝቅ አድርጌ አበራበታለሁ፤ ከፊት ሲታይ ለስላሳ የመሰለው ቀለም በጎን ብርሃን ሸንተረሩና ስንጥቁ ሁሉ ይወጣል። ከዚያ እጽፋለሁ፦ «ከታች ቀኝ ጥግ፣ 3 ሳንቲሜትር ጭረት። ከላይ መሃል፣ ቀለሙ ከሸራው ተነሥቷል። ጀርባው ላይ የውኃ ምልክት።» ፎቶ አነሣለሁ፣ ባለቤቱ ይፈርማል፣ እኔም እፈርማለሁ። ሥዕሉ ሲመለስ «ይሄ ጭረት አልነበረውም» የሚል ክርክር ከተነሣ የሚያድነኝ ያ ወረቀት ነው። ደግሞም ይነሣል።

የምጽፈው በእርሳስ ነው። ዕቃው ባለበት ክፍል እስክሪብቶ አይገባም። ቀለም አንዴ ብራና ላይ ከተንጠባጠበ አበቃ፤ እርሳስ ግን ይለቃል።

ቀጥሎ ቁጥር ይሰጠዋል። 2016.4.12 ካለ በ2016 ዓ.ም. ከገባው አራተኛ ስብስብ አሥራ ሁለተኛው ዕቃ ማለት ነው። ቁጥር የሌለው ዕቃ ቢጠፋም ጠፋ ማለት አይቻልም፤ መኖሩን ማን መዘገበ?

ከዚያ ብርሃንና እርጥበት። ለብራና፣ ለወረቀትና ለጨርቅ የሚመከረው ብርሃን 50 ሉክስ ገደማ ነው (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው)። ጎብኚ ሲገባ «መብራት ጠፋ እንዴ?» የሚልበት ዓይነት ድንግዝግዝ። ለዘይት ቀለም እስከ 200 ሉክስ ይፈቀዳል። እርጥበቱ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ የራሱ ጣጣ አለው፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ። ፍሬም ውስጥ መስታወቱ ሥዕሉን ከነካው በክረምት ይጣበቃል፤ ስታላቅቁት ቀለሙን ይዞ ይነሣል። በመሃላቸው ትንሽ ክፍተት የምትተወው ለዚህ ነው።

ከሰዓት በኋላው ደብዳቤ፣ ፕሮፎርማ፣ ፕሮፖዛል ነው። ማኅተም ያዡ ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ተመለሺ።

መጻፍ ለምን አስፈለገ? ሥዕሉ ራሱ አይናገርም?

«ሥዕል ራሱ ይናገራል» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሠዓሊው ጋር ቡና የጠጡ ሰዎች ናቸው። ሌላው ጎብኚ ግን ባዶ እጁን ነው የሚገባው።

አንድ ጊዜ የጣና ታንኳ የሚያሳይ ሥዕል ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ይህ ሥራ የሰው ልጅና የተፈጥሮን ጥልቅ መስተጋብር በረቀቀ ኅብረ ቀለም የሚያንጸባርቅ ነው።» ኮርቼበት ነበር። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ መጥቶ አነበበው፤ ሥዕሉን አየ፣ ዞሮ እኔን አየ። «እንጨት የጫነ ታንኳ ነው አይደል?» አለኝ። ነው። ከዘጌ በኩል ማገዶ ጭኖ የሚመጣ ታንኳ። እኔ ያንን አንድ ነገር ሳልጽፍ ስለ ሰው ልጅ ጻፍኩ።

ማታውን ቀየርኩት፦ «ታንኳው ከደንገል የተሠራ ነው። ማገዶ ጭኗል። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳ እየዋለ ይከብዳል፤ ኋላው ከፊቱ ይልቅ ሰጥሞ መሳሉን እዩ። ሰማዩ ባዶ ነው። ሠዓሊው ያልታወቀ።» በማግስቱ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የታንኳውን ኋላ ሲያይ ዋለ። እኔም ከዚያ ወዲህ «መስተጋብር» የሚለውን ቃል አልተጠቀምኩም፤ አንዴ ለፕሮፖዛል ካልሆነ። ለጋሾች ይወዱታል።

ሥዕል ሥር የሚለጠፍ ጽሑፍ ከ75 ቃል ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ሰው ቆሞ ነው የሚያነበው። የካታሎግ፣ ማለትም ከአውደ ርዕዩ ጋር የሚታተመው መጽሐፍ፣ ጽሑፍ ግን ብዙ ገጽ ሊሄድ ይችላል። ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ሌላ ነው፤ እዚያ «ይሄ አውደ ርዕይ አልተሳካም» ማለትም አለ፤ የራስን ሙዚየም ካልሆነ። አንድ ሰው እነዚህን ሁሉ ይጽፋል፤ ለዚህ ነው «ኩሬተርና ጸሐፊ» የሚለው ማዕረግ አብሮ የሚሄደው።

በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ጥቀሺልኝ

ከአፍሪካ የማደንቀው ናይጄሪያዊው ኦኩዊ ኤንዌዞር ነው። በፈረንጆቹ 1963 ተወለደ፣ በ1982 አሜሪካ ሄደ። የተማረው ፖለቲካል ሳይንስ ነው! ግጥም ይጽፍ ነበር። በ1994 ስለ አፍሪካ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ የሚጽፍ ንካ የተባለ መጽሔት ከጓደኞቹ ጋር አቋቋመ። ስምንት ዓመት ቆይቶ በ2002 ጀርመን ካስል ላይ የሚደረገውን ዶኩሜንታ የተባለ ትልቅ አውደ ርዕይ መራ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። በ2015 ደግሞ ቢየናሌ የተባለውን፣ በየሁለት ዓመቱ የሚደረገውን የቬኒስ አውደ ርዕይ። በ2019 አረፈ። ቅደም ተከተሉን እዩት፤ መጽሔቱ ነው የቀደመው። ማንም ስለማይጽፍልን እንጻፍ ብለው ጀመሩ።

ከኛ ቤት ደግሞ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለ፤ ስድስት ኪሎ፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት። እዚያ የቤተ መጻሕፍቱንም የሙዚየሙንም ሥራ የመሩት ትውልደ ፖላንዱ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ስለ ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አሥርት ዓመታት ጽፈዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምን የመሩት ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስም የታሪክ ተመራማሪና ጸሐፊ ናቸው። ሙዚየሙ ስሙን የወሰደበት ገብረ ክርስቶስ ራሱ ሠዓሊም ገጣሚም ነበር። ብዕርና ብሩሽ እዚህ አገር ተለያይተው አያውቁም።

ምን ልማር?

«የኩሬተር ዲግሪ» ብላችሁ ብትፈልጉ ትደክማላችሁ። ታሪክ፣ የቅርስ አስተዳደር፣ አርኪዮሎጂ፣ ሥነ ጥበብ፣ ሥነ ጽሑፍ፤ ከነዚህ በአንዱ መግባት ይቻላል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ታሪክና ቅርስ አስተዳደር ያስተምራል። አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ በ1950 ዓ.ም. በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። ዛሬ በስማቸው ይጠራል፣ የዩኒቨርሲቲው አካል ነው።

በጣና ዙሪያ መሥራት ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልጨምር፦ ግእዝ። ሁሉንም መተርጎም ባትችሉ ሥዕሉ ጠርዝ ላይ ያለውን አንድ መሥመር ማንበብ ቻሉ። የመሪጌታ ልጆች በዚህ ይበልጡናል፤ እኔ በሠላሳ ዓመቴ ነው የጀመርኩት፣ አሁንም እየተንገዳገድኩ ነው።

ሠዓሊ መሆን አለብኝ?

የለባችሁም። እኔ ድመት ስስል ሰው «አህያ ናት?» ይለኛል።

አዲስ አበባ ሳልሄድ፣ ባሕር ዳር ሆኜ ይሆናል?

ደመወዝ ያለው የሙዚየም ወንበር እዚህ ጥቂት ነው። ዓባይ ዳር የሰማዕታት ሐውልት ሙዚየም አለ። የሙሉዓለም የባህል ማዕከልም በጥበቡ በኩል የሚታወቅ ቦታ ነው። ሆቴሎች አዳራሽ አላቸው። ከዚህ ውጭ ሰው «እዚህ ምን ሙዚየም አለ?» ሲለኝ እጄን ወደ ሐይቁ እዘረጋለሁ።

ጀልባ ይዛችሁ ወደ ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል ሂዱ። ከወደቡ በቡና ጥላ ሥር እየወጣችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ትደርሳላችሁ። ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ጠጋ ብላችሁ ጠርዙን ብታዩ (በዓይን ብቻ፣ በጣት አይደለም!) ቀለሙ ያረፈው ጭቃው ላይ አይደለም። የጥጥ ጨርቅ ነው፣ ተስሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ለኩሬተር ሁሉም ነገር ከዚያ ይጀምራል። ጣሪያ ሲያፈስ ውኃው በጨርቁና በግድግዳው መሃል ይገባል፣ ጨርቁ ይነፋል፣ እንደ ረጠበ ደብተር ይላቀቃል። እንግዲህ ሥዕል ማዳን አንዳንዴ ቆርቆሮ መጠገን ነው። ይህን ለለጋሽ ስትነግሩት ፊቱ ይወድቃል፤ እሱ የሚፈልገው ሪባን የሚቆርጥበት ነገር ነው።

የገዳማቱ ዕቃ ቤቶች የኔን ዓይነት ሰው ሳይጠብቁ ለዘመናት ኖረዋል። ስትሄዱ አስተማሪ ሆናችሁ አትሂዱ። ፈቃድ ጠይቁ፣ ፍላሽ አጥፉ፣ አባቶች ራሳቸው ገልጠው ያሳዩአችሁ። ብራናውን እነሱ ሲገልጡት እጃቸውን ተመልከቱ።

ሴት መሆንሽ አያስቸግርም?

ቢሮ ውስጥ ብዙም አይደለም። ሐይቁ ላይ ግን አዎ። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። የገዳሙ ሥርዓት ነው፣ ልከራከር አልሄድም። ግን ነገሩን አስቡት። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በፈረንጆቹ ከ1434 እስከ 1468 ማለት ነው፣ ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ ነበር። ስሙን የምናውቀው ዳጋ ያለ አንድ ትልቅ የገበታ (በእንጨት ላይ የተሳለ) ሥዕል ላይ ስለተጻፈ ነው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የሚያሳይ ሥዕል ነው። በዚያ ዘመን ሠዓሊ ሥራው ላይ ስሙን የሚያኖርበት ልማድ አልነበረም፤ ያ ጽሑፍ ባይኖር ፍሬ ጽዮንም ስም የለሽ ሆኖ ይቀር ነበር። እኔ ስለሱ ስንት ጊዜ አውርቻለሁ፣ ጽፌያለሁም። ሥዕሉን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

አንዴ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሄድን፣ ደብዳቤ ይዘን። እሱ ወጣ፣ እኔ ጀልባው ላይ ቀረሁ። ሃያ ጥያቄ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። ቁመቱ ካንተ ቁመት ጋር ሲተያይ እስከ የትህ ይደርሳል? ጽሑፉ የት ጋ ነው? እንጨቱ የት ተሰንጥቋል? ቀዛፊው እንቅልፉን ለጠጠ፣ እኔ ውኃው ላይ ያሉትን ወፎች ቆጠርኩ። ሲመለስ አሥራ ስድስቱን በደንብ መልሷል። «ፊቷ ምን ይመስላል?» ለሚለው «እናት ትመስላለች» ብሎ ጽፏል። እዚያው ጀልባው ላይ ተጣላን። እናት መሆኗንማ አውቃለሁ! ዓይኗ ወዴት ያያል? ቅንድቧስ? እሱ ደግሞ «አንቺ ብታዪውም ከዚህ ሌላ አትዪም» ይለኛል። ኋላ ጽሑፉን ስጽፍ ብዙ አማረጥኩና የሱን ቃል አስገባሁት። አልነገርኩትም፤ እንዳይኮራ።

ስለተዘረፉ ቅርሶች ኩሬተር ምን ያገባዋል?

ያገባዋል፣ ምክንያቱም በሁለቱም በኩል ቆሞ ያውቃል። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላ ሲወጡ ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ አብሮ ተልኮ ነበር፣ ዕቃ እንዲመርጥ። ይሄ ሰው በዛሬ ቋንቋ የሙያ ባልደረባዬ ነው።

ወደኛ የሚቀርበው ግን የጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው። በፈረንጆቹ 1932 የፈረንሳይ ጥናት ቡድን መጣ፤ መሪው ማርሴል ግሪዮል ይባላል። የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ከግድግዳ ላጡት። አሁን ነው ያ የጨርቅ ነገር የሚመጣው፦ ግድግዳው ላይ በቀጥታ ቢሳል ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አይወጣም ነበር። በቦታው ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው የቡድኑ ሠዓሊ አስመስሎ የሠራውን ለጠፉበት። ዋናው ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። ውድ አንባቢ፣ ዕቃ ሲመጣላችሁ «ቆንጆ ነው» ከማለታችሁ በፊት «ከማን እጅ ወጣ? መቼ? ወረቀቱስ?» በሉ።

በሕጉም በኩል የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ከዘጌ ለቱሪስት «አሮጌ ብራና አለኝ» የሚል ልጅ ካገኛችሁ አብዛኛው ጊዜ ብራናው በቅርብ የተሠራና በጭስ ያረጀ ነው፤ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው።

ኩሬተር ሆኜ ጎን ለጎን ሥዕል ብነግድስ?

አይሆንም። አንዱን ምረጡ። ዛሬ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጋችሁ የሰቀላችሁትን ሠዓሊ ነገ ቤታችሁ ደብቃችሁ ብትሸጡት ማን ያምናችኋል?

ደመወዙስ?

ሀብታም አያደርግም። የመንግሥት ሙዚየም በመንግሥት እርከን ይከፍላል፤ የግል ጋለሪ እንደ ባለቤቱ ልብ ነው። ብዙዎቻችን ካታሎግ በመጻፍ፣ በመተርጎም፣ ፕሮፖዛል በማዘጋጀት እንደጉማለን። ለጽሑፍ ሲጠሯችሁ ዋጋውን ቀድማችሁ ተናገሩ። «ለስም ይጠቅምሻል» ተብዬ የጻፍኳቸውን ገጾች ብደምር መጽሐፍ ይወጣው ነበር። በስም ጤፍ አይገዛም።

ከየት ልጀምር?

ከትንሽ አውደ ርዕይ። ካፌም ይበቃል። የእኔን የመጀመሪያ ልንገራችሁና የሚቀረውን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። ሰኔ ላይ ነበር፣ ስሙን የማልጠራው ሆቴል አዳራሽ፣ ሐይቁ ፊት ለፊት። አሥራ አራት ሥዕል። ግድግዳ አትብሱ ስላሉን በባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር ለጠፍን። ከሰዓት ነፋስ ተነሣ፣ መስኮት ተከፈተ፣ ሥዕል እንደ ማንጎ መርገፍ ጀመረ። ሁለት መስታወት ተሰበረ። ይሄም ይሁን፤ የሁለት ሠዓሊዎችን ስም አቀያይሬ ለጥፌ ነበር። ሁለቱ ደግሞ አይነጋገሩም። አንደኛው እናቱን ይዞ መጣ። እናትየው የልጃቸውን ስም ፈልገው አገኙና ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት። «ልጄ፣ ይሄን መቼ ሣልከው?» አሉት። የት ልግባ!

ከዚያ የተማርኩት፦ የሥዕሉ መሃል ከወለል 1 ሜትር ከ50 ገደማ ይሁን፣ የቆመ ሰው ዓይን እዚያ ነው። ሲባጎና ምስማር የሚፈቅድ ቦታ ፈልጉ። ስም ከመታተሙ በፊት ለባለቤቱ አሳዩት፣ በፊደሉ አጻጻፍ ጭምር፤ «ኃይሉ»ና «ሐይሉ» ለሰውየው አንድ አይደሉም።

አውደ ርዕይ የማዘጋጀት አቅም ከሌላችሁ አንድ ሥዕል ፊት አንድ ሰዓት ተቀመጡ። የሆቴል ኮሪደር ላይ የተሰቀለም ይሁን። ከዚያ 75 ቃል ጻፉ፣ «ውብ»፣ «ድንቅ»፣ «ጥልቅ» ሳትሉ። ከባድ ነው።

ሠዓሊው ማን እንደሆነ ካላወቅኩ ምን ልጻፍ?

«ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉ። አታሽሞንሙኑት፣ አትገምቱ። «ያልታወቀ» የሚል ቃል ሰው ይጠራል።

ያ የታንኳው ሥዕል ትዝ ይላችኋል? ጽሑፉን ከቀየርኩ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያ «እንጨት የጫነ ታንኳ» ያለኝ ሰውዬ ተመልሶ መጣ፤ አጎቱን በክንዱ ይዞ። አጎትየው ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡኝና መነጽራቸውን አወጡ። ሰማዩን አላዩትም፣ ታንኳውንም ትንሽ ነው ያዩት። የቀዛፊውን ጋቢ አጣጣል ነው ያዩት። «ይሄማ የሱቅ ሰሌዳ ይጽፍ የነበረው ነው» አሉና ስም ጠሩ። ድሮ በራፋቸው ላይ አብሯቸው ቡና ይጠጣ ነበር፣ ጋቢ እንዲህ የሚጥል እሱ ብቻ ነበር፣ ሰው ሲሥል ሁሉ የራሱን ጋቢ ያለብሰዋል አሉኝ።

እርግጠኛ ኖት ወይ ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ። በሦስተኛው ተቆጡኝ።

መዝገቡን አወጣሁ። «ያልታወቀ» የሚለውን አልሰረዝኩም። ከጎኑ የነገሩኝን ስም፣ የተናጋሪውን ስምና ቀኑን ጻፍኩ። በእርሳስ።